አልሽር ያለ የአፍ ቁስል

እናቶች ሆይ! የሕፃን ዓይን ሲቀላ፣ የላም ጡት ሲያብጥ ከሁሉ አስቀድማችሁ የምታዩት እናንተ ናችሁ። በአባወራው ወይም በአያት ምላስ ላይ የወጣችውን ቁስል ግን ማን ያያታል? አፍ ተዘግቶ የሚውል ነገር ነው። የምላስና የአፍ ነቀርሳ፣ ማለት ካንሰር የሚባለው በሽታ፣ ሲጀምር እንደዚህ ያለች ትንሽ ቁስል ሆኖ ነው፤ ብዙ ጊዜም በመጀመሪያው አያምም።

ባለፈው ክረምት አረቄ በማውጣት የምትተዳደር አንዲት እናት ወደምንሠራበት ጤና ጣቢያ መጣች። «የተሰበረ ጥርስ ምላሴን እየቆረጠኝ ነውና ንቀሉልኝ» አለችን። አፏን ከፍተን ብናይ በምላሷ ጎን ጠርዙ የደነደነ ቁስል አገኘን፤ ከወጣ አምስት ወር ሆኖታል። ትምባሆ ትጠቀሚያለሽ ወይ ብንላት ተቆጣች፤ «እግዜር ያሳያችሁ፣ በደጄም አያልፍ!» አለች። አረቄውን ግን ባወጣች ቁጥር ትቀምሳለች፣ ማታ ማታ ከጠጪዎች ጋር ትጠጣለች፣ ጥርሷን ሲያማትም በአፏ ይዛው ታድራለች። በአንገቷ ሥር እብጠት ስለ ነበረ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ላክናት። ዛሬ ግማሽ ምላሷ ተቆርጦ ወጥቷል፤ ንግግሯን አጥርተው የሚለዩት ልጆቿ ብቻ ናቸው።

የርስዋን በሽታ ያመጣው አረቄው ብቻ ነው ብለን አንምልም። ነገር ግን ባላገሩ ትምባሆን ነውር ሲያደርግ መጠጥን ነውር አለማድረጉ ብዙ ሰው አሳስቷል። መጠጥ ብቻውን የአፍ ነቀርሳ ያመጣል። በመጠጥ ውስጥ ያለው አልኮል በሰውነትና በአፍ ውስጥ ባሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ሲለወጥ አሴታልዴሃይድ የሚባል መርዝ ይሆናል፤ ይኸም መርዝ የአፍን ስስ ቆዳ ይጎዳል። ጠላም ጠጅም አልኮል አላቸው፤ አረቄ፣ ይልቁንም ዳግም የወጣው፣ ከጠላ ብዙ እጥፍ የበረታ ነው። የሚጠጣው በበዛ መጠን አደጋውም ይበዛል።

ትምባሆስ? ሲጋራው፣ ጋያው፣ በከንፈር ሥር የሚያዘው ወይም የሚታኘከው ትምባሆ ሁሉም ነቀርሳ ያመጣሉ። «ጋያ ጢሱን ውሃው ያጥበዋል» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ፤ ውሃው ጢሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያጥበውም። የማይጨሰውም ትምባሆ ጢስ ስለሌለው ደህና አይምሰላችሁ፤ መርዙ ከድድና ከጉንጭ ጋር ተጣብቆ ይውላል።

ከሁሉ የከፋው ግን ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ ነው። አልኮሉ የአፍን ቆዳ ለትምባሆው መርዝ በር ይከፍትለታል። የሁለቱ ጉዳት ተደምሮ አይቀርም፣ ይባዛል፤ በእሳት ላይ ላምባ እንደ ማፍሰስ ነው። አረቄ ቤት ተቀምጦ ሲጋራውን እያከታተለ የሚጠጣ ባል ያላችሁ እናቶች፣ ለጠብ ሳይሆን ለምክር ይህንኑ ንገሩት። ቢያቆም ይጠቅመዋል፤ ሲጋራ የተወ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ውስጥ የአፍ ነቀርሳ አደጋው በግማሽ ያህል ይቀንስለታል።

አንድ ነገር ደግሞ እናንተኑ እንወቅሳለን። ልጅን «ሂድ፣ ለአባትህ ሲጋራ ግዛ» ብሎ መላክ፣ ጋያውንም ፍም አስይዘሽ አምጪ ማለት ልጁን ማለማመድ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥን ከልክሏል።

እንግዲህ አፍ እንዴት ይታያል? በቀን ብርሃን ደጃፍ ላይ አስቀምጣችሁ አፉን በውሃ ያጉመጥምጥ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ምላሱን አውጥቶ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያዙረው፤ ከሁሉ ይልቅ ጎንና ጎኑን ተመልከቱ። ከምላስ በታች፣ የጉንጭን ውስጥ፣ ድድንና ከንፈርን እዩ፤ አንገቱንም ዳብሱ። የማይሽር ቁስል፣ ሲጠርጉት የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ ያለ ምክንያት የሚደማ ቦታ፣ የሚነቃነቅ ጥርስ፣ የደነዘዘ ምላስ፣ ለመዋጥ መቸገር፣ በአንገት ላይ እባጭ ካገኛችሁ ዝም አትበሉ። አብዛኛው የአፍ ቁስል ነቀርሳ አይደለም፣ በጥቂት ቀን ይሽራል። ሁለት ገበያ አልፎት ያልሻረ ግን ምች ነው ተብሎ አይተውም።

እባጩን በጋለ ብረት መተኮስ፣ ቅጠል መለጠፍ፣ አረቄ ማስያዝ ጊዜ ከመግደል በቀር ምንም አይረባም። «ብረት ከነካው ይብሳል» እያሉ ምርመራውን የሚሸሹም አሉ፤ ልክ አይደለም፤ ከቁስሉ ጥቂት ሥጋ ተወስዶ ካልተመረመረ በሽታው በእርግጥ አይታወቅም። በጊዜ የተገኘ ብዙውን ጊዜ ተቆርጦ ይድናል። ከገፋ ጨረር ያስፈልጋል፤ ጨረሩም አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይሰጣል፤ ለገበሬ ቤት እዚያ ሄዶ መክረም እንዴት እንደሚከብድ እናውቃለን።

ስሙም ሰው ያስፈራል። የሳንባ ነቀርሳ የሚባለው በትንፋሽ ይተላለፋል፤ የአፍ ነቀርሳ ግን ሌላ በሽታ ነው፣ አብሮ በመብላት አይጋባም። ስለዚህ የታመመውን ከማዕድ አትለዩት፤ እህሉን አላሙለት።

ወደ ጤና ጣቢያ ስትመጡ ቁስሉ የወጣበትን ጊዜ፣ የሚጠጣውንና የሚያጨሰውንም ሳታፍሩ ንገሩን።