ማስጠንቀቂያ ብቻውን ልብን ያጸናልን?

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት የሰውን ልብ ጠባይ በአጭር ቃል የሚገልጥ ነው። እባብ ያየ ሰው በመንገድ ዳር የወደቀ ልጥ ባየ ጊዜ የሚደነግጠው ልጡ ስለሚነድፈው አይደለም፤ ያለፈው ድንጋጤ ከልቡ ገና ስላልወጣ ነው እንጂ። ይህንኑ ነገር የአእምሮ ሐኪሞች በሰፊው መርምረው ስም አውጥተውለታል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር፣ ከቬትናም ጦርነት የተመለሱት ወታደሮች ያደረባቸውን ሥቃይ ተመልክቶ፣ በ1980 ዓ.ም. ባወጣው የሕመሞች መዝገብ ውስጥ ከብርቱ አደጋ በኋላ የሚከተለውን ጭንቀት ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ ጻፈው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።) ይህ ሕመም ያለበት ሰው አንድ ድምፅ፣ አንድ ሽታ፣ ወይም አንድ ቃል ያለፈውን መከራ ዛሬ እንደሚደርስ አድርጎ በፊቱ ያቆምበታል።

ከዚህም የተነሣ በአሜሪካ አገር አንድ ልማድ ተፈጠረ። በመጀመሪያ የመደፈር ጉዳት የደረሰባቸው ሴቶች በኢንተርኔት እርስ በርሳቸው ሲጻጻፉ፣ የሚያሠቅቅ ታሪክ ከመተረካቸው በፊት «ከዚህ በታች ያለው ልብ የሚያቆስል ነውና የማትችሉ አታንብቡ» የሚል ቃል ያስቀድሙ ጀመር። ይህን በእንግሊዝኛ «ትሪገር ዋርኒንግ» ይሉታል። «ትሪገር» የጠመንጃ ቃታ ማለት ነው፤ ቃታው ሲሳብ ጥይቱ እንደሚወጣ፣ ቃሉም ሲሰማ የተሸሸገው ሥቃይ ይወጣል ለማለት ነው። ሐሳቡ ከርኅራኄ የመነጨ መሆኑን ማንም ሊክድ አይችልም።

ልማዱ ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ገባ። በየካቲት 2014 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳንታ ባርባራ ተማሪዎች ምክር ቤት፣ መምህራን በትምህርት ዝርዝራቸው ላይ እንዲህ ያለውን ማስጠንቀቂያ እንዲጽፉ የሚጠይቅ ውሳኔ አሳለፈ። በዚያው ወራት በኦሃዮ የሚገኘው ኦበርሊን ኮሌጅ ለመምህራኑ ባዘጋጀው መመሪያ፣ ናይጄሪያዊው ደራሲ ቺኑዋ አቼቤ በ1958 ዓ.ም. ያሳተመውን «ቲንግስ ፎል አፓርት» የተባለ ልብ ወለድ እንደ ምሳሌ ጠቀሰ። መመሪያው መጽሐፉን አላቃለለም፤ ነገር ግን የዘር መድልዎና የቅኝ አገዛዝ፣ የግፍና ራስን የመግደል ነገር ስላለበት አንዳንዱን አንባቢ ሊያውክ ይችላል አለ። መምህራኑ አጥብቀው ስለ ተቃወሙት መመሪያው ለእርማት ተብሎ ተነሣ።

ክርክሩ ግን በዚህ አላበቃም። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ማኅበር፣ እንዲህ ያለው ግዴታ ተማሪውን እንደ ሕፃን የሚቈጥርና የማስተማርን ነጻነት የሚያሠጋ መሆኑን የሚገልጥ ጽሑፍ አወጣ። በ2016 ዓ.ም. የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎቹ በላከው ደብዳቤ ይህን ማስጠንቀቂያ የማይደግፍ መሆኑን በግልጽ አስታወቀ። በ2023 ዓ.ም. ደግሞ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጉባኤ ማስጠንቀቂያው ግዴታ እንዲሆን በአንድ ድምፅ ቢወስን፣ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ማርታ ፖላክ ውሳኔውን ሳይቀበሉት ቀሩ።

አንዱ ወገን «የቆሰለውን ሰው ቁስሉን አትንኩበት» ይላል። ሌላው ወገን «ወጣቱን ከነፋስ ስትሸሽጉት በነፋስ የሚወድቅ አደረጋችሁት» ይላል። ሁለቱም ቃላቸው ለጆሮ ያማረ ነው። እኛ ግን በሚያምረው ቃል ከመወሰን፣ በምርመራ የተገኘውን መጠየቅ ይሻላል እንላለን።

በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ የሥነ ልቡና ሊቃውንት በ2018 ዓ.ም. ባወጡት ምርመራ፣ ብርቱ አደጋ ያልደረሰባቸውን 270 ሰዎች ሰብስበው ዶስቶየቭስኪ በ«ወንጀልና ቅጣት» እንደ ጻፈው ያለ አሰቃቂ ምንባብ አስነበቧቸው። ለእኩሌቶቹ ማስጠንቀቂያ አስቀደሙ፤ ለእኩሌቶቹ ግን አላስቀደሙም። ማስጠንቀቂያ የተነገራቸው ሰዎች፣ መከራ ቢደርስብን ልባችን በቀላሉ ይሰበራል ብለው ስለ ራሳቸው የሚያስቡት ነገር በጥቂቱ ጨምሮ ተገኘ። ይህ ውጤት በኋላ በኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ሲፈተን አልተደገመምና፣ ማስጠንቀቂያ ወጣቱን ደካማ ያደርጋል ብሎ አፍን ሞልቶ መናገር አይቻልም። ይሁን እንጂ እነዚያው ሊቃውንት በ2020 ዓ.ም. በእውነት ጉዳት የደረሰባቸውን 451 ሰዎች ሲመረምሩ፣ ማስጠንቀቂያው ጭንቀታቸውን እንዳላቀለለላቸው አዩ። እንዲያውም ያ የደረሰባቸውን ክፉ ነገር የሕይወታቸው ዋና ምሰሶ አድርገው እንዲያዩት ገፋፍቷቸዋል። በ2023 ዓ.ም. አሥራ ሁለት ምርመራዎችን በአንድነት የመዘነ ጥናት የደረሰበትም ከዚህ የራቀ አይደለም። ማስጠንቀቂያው ሰው ሲያነብ የሚሰማውን ሥቃይ አልቀነሰም፤ ከማንበብም አላስቀረም፤ ትምህርቱን መረዳቱንም አልለወጠም። የጨመረው አንድ ነገር ቢኖር ከማንበቡ በፊት የሚመጣውን ፍርሃት ነው።

እንግዲህ ማስጠንቀቂያው ያን ያህል የሚጐዳ መርዝ አይደለም፤ የሚፈውስ መድኃኒትም አይደለም። በደጅ የተለጠፈ ወረቀት ነው። ወረቀቱ «እባብ አለ» ይላል፤ ልጡን ከእባቡ ለመለየት ግን አያስተምርም።

ታዲያ የሚያስተምረው ምንድን ነው? በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ኤድና ፎኣ የተባሉት ሊቅ ያስፋፉት ሕክምና ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ሕመምተኛው በሠለጠነ ሐኪም ፊት ተቀምጦ የደረሰበትን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይናገራል፤ በሌላም ቀን ደግሞ ይናገራል። ከዚያም ፈርቶ የሸሻቸውን፣ ነገር ግን አደጋ የሌለባቸውን ቦታዎች ከቀላሉ ጀምሮ አንድ በአንድ ይጐበኛል። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከስምንት እስከ ዐሥራ አምስት ቀጠሮ ይፈጃል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የሸሹት ነገር ሁሉ በሸሹት መጠን እየገዘፈ ይሄዳል፤ በልክ የቀረቡት ነገር ግን መጠኑ ይታወቃል። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ይህ የሚሆነው በድንገት አይደለም፣ በግድም አይደለም፣ ብቻን ሆኖም አይደለም።

ስለ ወጣቶች ጽናት ከተደረጉት ምርመራዎች ሁሉ የታወቀው ኤሚ ወርነርና ሩት ስሚዝ በሃዋይ ደሴቶች በካዋይ ያደረጉት ነው። በ1955 ዓ.ም. በደሴቲቱ የተወለዱትን 698 ሕፃናት ለአካለ መጠን ከደረሱ በኋላም እየተከታተሉ መረመሯቸው። በድህነት፣ በቤተ ሰብ ጠብና በወላጅ ሕመም መካከል ካደጉት ልጆች ከሦስቱ አንዱ ያህል ሠርቶ የሚያድር፣ ሰውን የሚወድ፣ ሙሉ ሰው ሆኖ ተገኘ። ከእነዚህ ልጆች ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የታየው ነገር፣ የሚታመን ቢያንስ አንድ ትልቅ ሰው በአጠገባቸው መኖሩ ነው፤ አያት ይሁን፣ አክስት ይሁን፣ ጎረቤት ወይም መምህር ይሁን። ስለዚህ ጽናት ልጁ ብቻውን ከልቡ ፈልቅቆ የሚያወጣው ድንጋይ ሳይሆን፣ ከሰው ጋር ሆኖ የሚሠራው ግንብ ነው።

ይህን ስንናገር እኛም በማስተማር ሥራችን የፈጸምነውን ስሕተት አንሸሽግም። አንድ ቀን ስለ ወንዝ ሙላት የሚናገር ምንባብ ለክፍሉ ጮክ ብለን ስናነብ፣ ዐሥራ ሦስት ዓመት የሚሆነው አንድ ተማሪ ጆሮውን በእጁ ይዞ ሳያስፈቅድ ወጣ። እኛም ሥርዐት አጐደለ ብለን ሲመለስ በጓደኞቹ ፊት ገሠጽነው። እርሱ አንዳች ቃል አልመለሰም። በማግሥቱ አክስቱ መጥተው፣ ባለፈው ክረምት ታናሽ እኅቱን በዓይኑ ፊት ወንዝ እንደ ወሰዳት ነገሩን። በዚያች ሰዓት የተሰማንን እፍረት እስከ ዛሬ አልረሳነውም።

ልጁን ለብቻው ጠርተን ይቅርታ ጠየቅነው። ከዚያም «ምንባቡን እንተወው ወይስ ምን ይሻልሃል?» ብለን ብንጠይቀው፣ ጥቂት አስቦ «ሌሎቹ ይማሩት፤ እኔ ከበሩ አጠገብ ልቀመጥ» አለን። እንዲሁም አደረግን። የቀረውን ምንባብ ከማንበባችን አንድ ቀን አስቀድመን እንነግረው ነበር፤ አንድ ጊዜ ወጣ፣ ሁለተኛ ጊዜ ግን አልወጣም። በዓመቱ መጨረሻ ስለ እኅቱ አንድ ገጽ ያህል ጽፎ ክፍሉ ከተበተነ በኋላ ራሱ አነበበልን። እኛ ሐኪም አይደለንምና አዳንነው አንልም። የተማርነው ግን አስቀድሞ መንገር ብቻውን እንዳልጠቀመው ነው፤ የጠቀመው ነገሩን የሚያውቅለት ሰው ማግኘቱና እርሱ ራሱ መርጦ መቅረቡ ይመስለናል።

ወደ ኋላ ተመልሰን ስናስበው ይህ ለአገራችን ሰው አዲስ ጥበብ አይደለም። በእኛ ዘንድ መርዶ እንደ ዘበት አይነገርም። ሟች ያለበት ሰው ሳይሰማ ዘመድና ጎረቤት ተጠራርቶ ማን እንደሚያረዳ፣ ማን በአጠገብ እንደሚቆም ይመክራል። ሌሊቱን ይተኛ፣ እህል ይቅመስ ተብሎ ይታገሡታል። ከዚያ በማለዳ በሩ ይንኳኳል። በአሜሪካ ወይም በዐረብ አገር የሚኖረው ወገናችንም እንዲሁ ነው፤ ወዳጆቹ ተሰብስበው ማልደው በደጁ ሲቆሙ ባየ ጊዜ ገና ቃል ሳይወጣ ልቡ ያውቃል። እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያው ወረቀት ሳይሆን ሰው ነው። መርዶውንም አይሸሽጉለትም፤ ይነግሩታል፣ ሲያለቅስም ይይዙታል። ከዚያም ቀብሩ፣ ሠልስቱ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ እያለ ኀዘኑ በልክ በልኩ እየተነሣ፣ ሰውም ደጋግሞ እየመጣ ልቡ ይጸናል።

ነገር ግን ልማዳችንን ስናመሰግን ጉድለታችንን ልንሸፍን አይገባም። ለትልቁ ሰው ይህን ያህል የምንጠነቀቅ እኛ፣ ለሕፃኑ ግን «ምን ያውቃል» እንላለን። አባቱ የሞተበትን ልጅ «አባትህ ውጭ አገር ሄዷል፤ ጫማ ይዞልህ ይመጣል» ብለን እንሸነግለዋለን። ልጁ ግን የእናቱን ጥቁር ልብስ ያያል፤ እርሱ ሲገባ ወሬው ሲቋረጥ ይሰማል። ውሎ አድሮም እውነቱን ከጎረቤት ልጅ አፍ፣ በጨዋታ መካከል ያገኘዋል። በሩቅ አገር ለሚማረው ወጣትም «ፈተናውን ይጨርስ» ብለን የእናቱን ሞት ወራት እንደብቀዋለን። በዚህ ጊዜ ኀዘኑ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ሞቱ ነው፣ ሁለተኛው መታለሉ ነው። ከዚያ በኋላ ስልኩ በጮኸ ቍጥር የሚደነግጥ ሰው ብናገኝ ልንደነቅ አይገባንም፤ ልጡን እባብ ያደረግንበት እኛ ነንና።

ስለዚህ ለወላጆችና ለመምህራን የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ለልጅ እውነቱ በዕድሜው ልክ፣ በአጭርና በግልጽ ቃል ይነገረው። «ተኛ»፣ «ሄደ» ከማለት «ሞተ፤ አይመለስም፤ እኛ ግን ካንተ ጋር ነን» ማለት ይሻላል። ይህንም የሚነግረው የሚወደውና የሚያምነው ሰው ይሁን።

ሁለተኛ፣ መምህር የሚያሠቅቅ ታሪክ የሚያስተምር ቢሆን አስቀድሞ በአንድ ቃል ማስታወቁ ጨዋነት ነው፤ ነገር ግን በዚህ ሥራዬን ጨረስሁ አይበል። ከ2020 እስከ 2022 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ በተካሄደው ጦርነት የሰው ሞት በዓይናቸው ያዩ ልጆች ዛሬ በክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። መምህሩ ምንባቡን ከማወቁ ጋር ልጆቹንም ይወቅ፤ መጽሐፉንም ከነጭራሹ አይዝጋው።

ሦስተኛ፣ ጽናትን ከዝምታ ጋር አናደባልቅ። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ብሎ አፍ መዝጋት ልብን አያጸናም፤ ቁስሉን ከነመግሉ መሸፈን ነው። እንዲሁም ልጅ ብቻውን በመኝታው ተሸፋፍኖ በእጅ ስልኩ የጦርነትና የሬሳ ሥዕል እንዲመለከት መተው፣ ያለ አረጂና ያለ አጽናኝ በየሌሊቱ መርዶ ማርዳት ነው።

አራተኛ፣ ከአደጋ በኋላ ሁሉ ሰው አይታመምም፤ የሚበዛው ሰው በጊዜ ብዛትና በወገን አጽናኝነት ይበረታል። ነገር ግን ቅዠቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ከሰውና ከቦታ መሸሹ ከአንድ ወር በላይ የቆየበት ልጅ ቢኖር፣ ይህ የጠባይ ክፋት ሳይሆን ሕመም ሊሆን ይችላልና ወደ አእምሮ ሐኪም መውሰድ ያሻል። ለዚህ ማፈር አይገባም፤ እግሩ የተሰበረውን ልጅ ወደ ሐኪም ለመውሰድ የሚያፍር ወላጅ የለምና።

በሩቅ አገር የተነሣው ክርክር ገና አልተቋረጠም። እኛ ግን ከሁለቱም ወገን የምንወስደው አለ። ከአንደኛው፣ የሰውን ቁስል ሳያውቁ እጅን አለመስደድን፤ ከሁለተኛው፣ ወጣቱን ይችላል ብሎ ማመንን። በዚህ ላይ የራሳችንን ብንጨምርበት መልካም ነው፤ ይኸውም ክፉውን ወሬ ለመናገር ማልዶ መሄድ፣ ከተናገሩም በኋላ ቶሎ ብሎ አለመነሣት ነው።