ያለ ስቱዲዮ የተሠሩ ፊልሞች፦ ኃይሌ ገሪማና አጋሮቹ

የፊልም አዘጋጁ ኃይሌ ገሪማ በ1946 በጎንደር ተወለደ (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ገሪማ ታፈረ አርበኛ፣ ተውኔት ጸሐፊና የ«ጎንደሬ በጋሻው» ደራሲ ነበሩ። ልጁ መድረክን ያወቀው በአባቱ ተውኔቶች ሲሆን፣ ተረቱን እሳት ዳር ከአያቱ ሰምቷል። ሲኒማ ግን ሌላ ነገር ነበር። በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ ፒያሳ አዳራሾችም ሆነ በክፍለ ሀገር የሚታየው በአብዛኛው የውጭ ፊልም ነው። ኃይሌ ከእኩዮቹ ጋር ታርዛንን ሲያይ ለአፍሪካውያኑ ሳይሆን ለታርዛን ይጮኽ እንደነበር ተናግሯል። የኋላ ሥራው ሁሉ ለዚያ ጩኸት የተሰጠ መልስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ትያትር ለመማር ቺካጎ ሄደ፤ ቀጥሎ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማረ። እዚያ ቻርልስ በርኔት፣ ጁሊ ዳሽ፣ ላሪ ክላርክና ቢሊ ዉድቤሪን ከመሳሰሉ ጥቁር ተማሪዎች ጋር ተገናኘ። ገንዘብ ስላልነበራቸው አንዱ ለሌላው ካሜራ ያነሣ ነበር። «ቡሽ ማማ» የተባለውን የኃይሌን ፊልም ካነሡት አንዱ በርኔት ነው። የፊልሙ መክፈቻ ላይ ፖሊሶች ሰዎችን አስቁመው ሲፈትሹ ይታያል። ትወና አይደለም፤ የተፈተሹት የፊልሙ ሠራተኞች ራሳቸው ናቸው።

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (1976) የተቀረፀው ዘውዱ በሚናጋበት ወቅት፣ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በጥቁርና ነጭ 16 ሚሊሜትር ፊልም ነው። ታሪኩ በባለርስት መሬት ላይ የሚኖር የጭሰኛ ቤተሰብ ሕይወት ነው። ከብት ጠባቂዋ ልጅ የጌታዋን ላም ከሞላ ወንዝ ላድን ስትል ውሃ ይወስዳታል። መሬቱን የተነጠቀው፣ መንደሩ እንደ እብድ የሚያየው የጦር ዘማች ከበበ ደግሞ በመጨረሻ ባለርስቱን ይገድላል። ቀረጻው አይቸኩልም፤ ድካሙ ተመልካቹም ላይ ይደርሳል። ከአማርኛ ፊልሞች ሁሉ የዚህን ያህል ገበሬውን በራሱ ጊዜ ያሳየ ማግኘት ይከብዳል።

ከ1975 ጀምሮ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ኧርነስት ዲከርሰንና ብራድፎርድ ያንግን የመሰሉ ስመ ጥር የካሜራ ባለሙያዎች ከእርሱ ተምረዋል።

የቅርቧ አጋሩ ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ናት፤ እርሷም ፊልም ሠሪ ናት። የባርነትን ታሪክ የሚተርከውን «ሳንኮፋ»ን (1993) አብረው ለፍሬ አበቁት። አከፋፋዮች አንቀበልም ሲሉ አዳራሽ ራሳቸው እየተከራዩ፣ ከከተማ ከተማ እየዞሩ አሳዩት። ከዚያም ዋሽንግተን ውስጥ በፊልሙ ስም የመጻሕፍትና የፊልም መደብር ከፈቱ። ፊልሙ በ2021 ታድሶ በኔትፍሊክስ ሲቀርብ ያሳደሰው የአቫ ዱቨርኔይ ድርጅት አሬይ ነበር፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካው የፊልም አካዳሚ ሙዚየም ኃይሌን ሸልሟል።

«አድዋ» (1999) ዘጋቢ ፊልም ነው። ድሉን በአባቶች ትረካ፣ በዘፈንና በሥዕል ይናገራል። የአዲስ አበባ አራዳ ሰው ይህን ታሪክ ደጁ ላይ ያገኘዋል፤ የካቲት 23 በመጣ ቁጥር ሕዝቡ ሲሰበሰብ የኖረው በምኒልክ ሐውልት ዙሪያ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ ፊት ነው።

«ጤዛ» (2008) ገንዘቡ እስኪሟላ 14 ዓመት ያህል ወስዷል። ጀርመን ተምሮ በደርግ ዘመን ወደ መንደሩ የተመለሰውን አንበርብርን አሮን አረፈ ተጫውቶታል፤ ካሜራውን ጣሊያናዊው ማሪዮ ማሲኒ፣ ሙዚቃውን ጆርጋ መስፍንና ቪጄይ አየር ሠርተውታል። በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የስክሪፕት ሽልማትን፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ታላቁን የየኔንጋ ወርቃማ ፈረስ አግኝቷል።

ስለ ኃይሌ ብዙ ጊዜ ብቻውን የታገለ ሰው ተደርጎ ይነገራል። ፊልሞቹ ግን በትምህርት ቤት ጓደኛ፣ በትዳር፣ በተማሪና በመንደር ሰው ትከሻ የቆሙ ናቸው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በራሱ ገንዘብ ፊልም የሚሠራ ወጣት ከካሜራ ግዢው በፊት «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ፈልጎ ይመልከት።