አካል ባይታዘዝም አእምሮ ይማራል

በመንደራችን አንገቱ ያልቆመ፣ እጅና እግሩ የሚገታተር፣ ለመናገር ሲሞክር ቃሉ የማይወጣለት ልጅ ሊኖር ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን አናየውም። እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ያስገቡታል። እኛም ለማስተማር በየቤቱ ስንገባ ከጓዳ ድምፅ እየሰማን፣ ማን እንደ ሆነ የማይነገረን ጊዜ ነበር። አንዱ «ቡዳ በልቶት ነው» ይላል፤ ሌላው «የእናቱ ኃጢአት ነው» ይላል። እናቲቱም አንገቷን ደፍታ ትኖራለች። እስቲ የዚህን ልጅ ነገር ረጋ ብለን እንመልከተው።

ጉዳቱ ምንድን ነው?

ሐኪሞች ይህን ጉዳት ሴሬብራል ፓልሲ ይሉታል። የአንጎል ጉዳት ነው። ነገሩ እንዲገባን እርሻን እናስብ። አንጎል እንደ ገበሬው ነው፤ እጅ፣ እግርና ምላስ እንደ በሬዎቹ ናቸው። ገበሬው ድምፁን ሲያሰማ በሬዎቹ ይታዘዛሉ። በዚህ ልጅ ላይ ግን እንቅስቃሴን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ስለ ተጎዳ ትእዛዙ ተዛብቶ ይደርሳል። ስለዚህ እግሩ ይገተራል ወይም ይልፈሰፈሳል፤ እጁም ያላሰበውን ይሠራል። ገበሬው ግን ትልሙ ወዴት መሄድ እንዳለበት አሳምሮ ሊያውቅ ይችላል።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። በአንዳንዶቹ ላይ የመማር ችግር አብሮ ይመጣል። ብዙዎቹ ግን የምንናገረውን ይሰማሉ፤ ይገባቸዋልም። መልስ መስጠት ስላቃታቸው ብቻ «ምንም አያውቅም» እንላለን። እነሱም ይህን ስንል ይሰማሉ።

ጉዳቱ የሚደርሰው ልጁ በማሕፀን ሳለ፣ ሲወለድ ወይም ሕፃን ሳለ ነው። ምጥ ሲረዝም ሕፃኑ አየር ሊያጥረው ይችላል። ያለ ጊዜው መወለድ፣ ከተወለደ በኋላ ሰውነቱ በጣም ቢጫ መሆን፣ የማጅራት ገትርም አንጎልን ሊጎዱ ይችላሉ። ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚቀርበት ጊዜም አለ። በትንፋሽ፣ በመብል ወይም በመነካካት አይተላለፍም። እርግማንም አይደለም።

የክሪስቲ ብራውን እናት

አየርላንድ በምትባል አገር፣ በደብሊን ከተማ፣ ግንቦት 28 ቀን 1924 ዓ.ም. ክሪስቲ ብራውን ተወለደ። አባቱ ግንበኛ ነበር። ቤተሰቡ ድሃ፣ ልጆቹም ብዙ ነበሩ። ክሪስቲ ይህ ጉዳት ነበረበት። ሐኪሞች አእምሮው እንደማይሠራ፣ ተስፋም እንደሌለው ለእናቱ ነገሯት። እሷ ግን አላመነችም። እንደ ሌሎቹ ልጆቿ አቅርባ አሳደገችው።

አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው እህቱ በጠመኔ ስትጽፍ አየ። ከአካሉ ሁሉ ደኅና አድርጎ የሚታዘዘው ግራ እግሩ ነበር። በግራ እግሩ ጣቶች ጠመኔውን ነጠቃት። እናቱ ይህን አይታ የፊደላቸውን መጀመሪያ መሬት ላይ ጻፈችለትና እሱም እንዲጽፍ አደፋፈረችው። ሞከረ፤ አቃተው። ደግሞ ሞከረ፤ በመጨረሻም ጻፈው። ከዚያ በኋላ ፊደሉን አንድ በአንድ አስቆጠረችው። አስተማሪ አልነበረችም፤ ፊደል የምታውቅ እናት ነበረች እንጂ።

ክሪስቲ በግራ እግሩ ሥዕል ሣለ። ሃያ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው የሕይወቱን ታሪክ በመጽሐፍ አወጣ፤ የመጽሐፉ ስም ትርጉም «ግራ እግሬ» ማለት ነው። ከዚያም በግራ እግሩ ጣቶች የጽሕፈት መኪና እየመታ ልብ ወለድ ጻፈ። ግጥምም ገጠመ። ጳጉሜን 2 ቀን 1973 ዓ.ም. ሲያርፍ በብዙ አገር የታወቀ ደራሲ ነበር።

የአገራችን ልጅ አበበ ቢቂላ

ክሪስቲ በተወለደ በሁለት ወሩ፣ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም.፣ በሰሜን ሸዋ ጃቶ በምትባል የገጠር መንደር አበበ ቢቂላ ተወለደ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ከ42 ኪሎ ሜትር በላይ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደገመው። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። በኋላ የሆነውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. የሚነዳው መኪና ተገለበጠ፤ አከርካሪውም ተጎዳ። ይህ ከክሪስቲ ጉዳት ይለያል። የአበበ አንጎል ደኅና ነበር፤ የተጎዳው ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርደው መሥመር ነው። እነዚያ ዓለምን ያስደነቁ እግሮች ዳግመኛ አልሄዱም። እንግሊዝ አገር ታክሞ እጆቹ ተመለሱለት። በ1962 ዓ.ም. ጎማ ባለው ወንበር ተቀምጦ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ኖርዌይ በተባለች አገር፣ ውሾች በበረዶ ላይ በሚጎትቱት ጋሪ ተወዳድሮ አንደኛ ወጣ። ያረፈው ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው።

ክሪስቲ እጁ ባይታዘዝለት በእግሩ ሠራ፤ አበበ እግሩ ቢቀር በእጁ ሠራ። ግን ሁለቱም ብቻቸውን አልነበሩም። ደጋፊ ነበራቸው። ልጃችን እንደነሱ ዝነኛ ይሁን አንልም። በራሱ መጉረስ፣ የሚያመውን መናገር፣ ስሙን መጻፍ ቢችል ትልቅ ድል ነው።

ምን እናድርግ?

1. እርጉዝ ሴት በጤና ጣቢያ ትታይ። ከአንኮበር ቆላ ገደሉን ወጥቶ ሐኪም ዘንድ መድረስ ምጥ ለያዛት ሴት ከባድ ነው። ቀኗ ሲቃረብ በጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ብትሰነብት ይሻላል።

2. ሕፃን በአራት ወሩ አንገቱ ካልቆመ፣ በዘጠኝ ወሩ ካልተቀመጠ፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እናሳይ። ካስፈለገም ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል እንውሰደው። የተጎዳው አንጎል ባይድንም ሰውነቱ በልምምድ ሊፍታታ ይችላል። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ ከሐኪም ግን አይቅር።

3. ስናበላው ቀና አድርገን ደግፈን እናስቀምጠው። ተንጋሎ ሲበላ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

4. ቀን ሙሉ በአንድ ጎኑ አናስተኛው። እጅና እግሩን በቀስታ እናፍታታ፤ በኃይል ግን አንሳብ።

5. እናጫውተው። «አዎ» እና «አይደለም» የሚልበትን ምልክት እንፈልግለት። ዓይኑን ማንሳት ወይም መጨፈን ሊሆን ይችላል።

6. ፊደል እናስቆጥረው። ከሰልና ግድግዳ ይበቃል። መጻፍ ካልቻለ በዓይኑ ይጠቁም። ትምህርት ቤት መግባትም መብቱ ነው፤ አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች።

ውድ አንባቢዎች፣ እናንተንም «ካረጁ ወዲያ ምን ትምህርት አለ?» ያላችሁ ነበር። እርሳሱ ከእጃችሁ እየወደቀ፣ እያነሳችሁ፣ ይኸው ለማንበብ በቃችሁ። የክሪስቲ እናት የነበራት ፊደል ነው፤ እሱ ዛሬ በእናንተም እጅ አለ።

እንወያይ

በቀበሌያችን ከቤት የማይወጣ ልጅ አለን? ወላጆቹን በምን እንርዳ? ፊደል የሚያስቆጥረውስ ማን ይሁን?