የፀሓይ ሙቀት በነዳጅ ዘይት ፈንታ

በእስራኤል አገር በብዙ ቤቶች ጣራ ላይ ወደ ደቡብ ያዘነበለ፥ በመስተዋት የተሸፈነ ሣጥንና ከበላዩ የተቀመጠ በርሜል ይታያል። ይህ መሣሪያ በዕብራይስጥ ‹‹ዱድ ሼሜሽ›› ይባላል፤ የፀሓይ ጋን እንደ ማለት ነው። ተግባሩም ያለ ነዳጅ ውሃ ማሞቅ ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በሣጥኑ ውስጥ ጥቁር የተቀባ ብረትና ከእርሱ ጋር የተያያዙ ቧንቧዎች አሉ። የፀሓይ ብርሃን መስተዋቱን አልፎ በጥቁሩ ብረት ላይ ሲያርፍ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ መስተዋቱም ሙቀቱ ፈጥኖ እንዳያመልጥ ይከለክለዋል። በቧንቧው ውስጥ የሞቀው ውሃ ከቀዝቃዛው ስለሚቀል ወደ በርሜሉ ይወጣል፤ ቀዝቃዛውም ስለሚከብድ ወርዶ ስፍራውን ይይዛል። ስለዚህ በርሜሉ ከሣጥኑ በላይ የተቀመጠ እንደ ሆነ ውሃው ያለ ሞተር በራሱ ይዘዋወራል። በርሜሉም ሙቀት በማያሳልፍ ነገር የተሸፈነ ስለ ሆነ ቀን የሞቀው ውሃ ለማታ ይቆያል።

ይሁን እንጂ ጥቁር ቀለም አንድ ጉድለት አለበት፤ ይኸውም ብርሃንን አብዝቶ እንደሚቀበል ሁሉ፥ ከሞቀ በኋላ ሙቀቱን አብዝቶ መልቀቁ ነው። ሐሪ ጽቪ ታቦር የተባሉ የፊዚክስ ሊቅ በ1950ዎቹ ዓመታት አጋማሽ (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኢየሩሳሌም ሲመራመሩ፥ ብርሃንን በሚገባ የሚቀበል፥ ሙቀቱን ግን በጥቂቱ ብቻ የሚለቅ ገጽ አዘጋጁ። በዚህም የመሣሪያው ኃይል እጅግ ተሻሻለ።

ይህን የመሰለ ቀላል መሣሪያ ሳለ ነዳጅ ዘይት ስለ ምን አልቀረም ቢሉ፥ መልሱ ከታሪክ ይገኛል። ፍራንክ ሹማን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1913 ዓ.ም. በካይሮ አጠገብ በማዓዲ እንደ ገንዳ የጎበጡ ረጃጅም መስተዋቶች አቁሞ፥ በፀሓይ ሙቀት እንፋሎት አስነሥቶ፥ የዓባይን ውሃ ለመስኖ በመኪና ሳበ። ነገር ግን በ1914 ዓ.ም. የዓለም ጦርነት ተነሣ፤ ሹማንም በ1918 ዓ.ም. ሞተ፤ ነዳጅ ዘይትም በርካሽ ስለ ተገኘ ሥራው ተረሳ። ሥራው የቀረው መኪናው እምቢ ብሎ ሳይሆን የሰው ሐሳብ ወደ ርካሹ ስላዘነበለ ነው።

በእስራኤልም የፀሓይ ጋን በ1950ዎቹ መሸጥ ቢጀምርም በየቤቱ የገባው ችግር ካስገደደ በኋላ ነው። በ1973 ዓ.ም. ጦርነት ምክንያት የዘይት ዋጋ በጥቂት ወራት ወደ አራት እጥፍ ገደማ ወጣ፤ በ1979 ዓ.ም. ደግሞ የኢራን አብዮት ለእስራኤል ይላክ የነበረውን ዘይት አቋረጠ። ስለዚህ በ1980 ዓ.ም. ከተወሰነ ከፍታ በላይ ካሉት ሕንፃዎች በቀር አዲስ የሚሠራ መኖሪያ ሁሉ የፀሓይ ጋን እንዲኖረው ሕግ አስገደደ። ከዚያም ወዲህ መሣሪያው በአብዛኛው ቤት ተለመደ።

ከዚህ የምንረዳው ለለውጡ ሦስት ነገሮች እንደሚያስፈልጉ ነው፤ እነርሱም ፀሓይ፥ ዕውቀትና ሕግ ናቸው። ማዓዲ ሁለቱን ነበራት፤ ሦስተኛውን አጣች።

ነገር ግን ሥራው ገና አልተፈጸመም። በደመናማ ቀን ውሃው በኤሌክትሪክ ይሞቃል፤ የአገሩም ኤሌክትሪክ ዛሬም አብዛኛው ከምድር በሚወጣ ጋዝ ይመነጫል። ረጅም ፎቅ ደግሞ ነዋሪው ብዙ፥ ጣራው ግን አንድ ነው። ከሁሉም በላይ የሞቀን ውሃ ለአንድ ሌሊት ማኖር በርሜል ብቻ ይበቃዋል፤ ከፀሓይ የተገኘን ኤሌክትሪክ ለሌሊት ለማኖር ግን ብዙ ወጪ የሚጠይቁ ታላላቅ ባትሪዎች ያስፈልጋሉ። እንግዲህ የቀረው ድካም ፀሓይ በምትጠልቅበት ሰዓት የሚያስፈልገውን ከቀኑ ማስቀረት ነው።