የአጭር መንገድ ምልልስ በመኪና ሞተር ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት

ከደብረ ማርቆስ እህል ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዘው የጭነት መኪና 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ደጀንን ካለፈ በኋላም ወደ ዓባይ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል። ነጋዴው ለዚህ መኪና ያዝንለታል፤ ከመጋዘን ወደ ባንክ፥ ከባንክ ወደ መደብር የምትመላለሰውን ፒካፕ ግን እንዳረፈች ይቈጥራታል። ስለ ሞተሩ ከሆነ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

የጭነት መኪናው ማለዳ አንድ ጊዜ ተነሥቶ እንደ ሞቀ ይውላል። ይህ ጸሐፊ የመውጫ መዝገቧን የሚይዝላት የመደብር ፒካፕ ግን በገበያ ቀን 7 ወይም 8 ጊዜ ተነሥታ፥ በጠቅላላው 10 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳትሞላ ትገባለች።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኗ ጧቷ ብርድ ነው። የቀዘቀዘ ሞተር ለመነሣት ብዙ ቤንዚን ይፈልጋል፤ ሳይቃጠል የቀረውም በፒስተኑ ፋሻ በኩል ወርዶ የሞተሩን ዘይት ያቀጥነዋል። ካርቡራተር ባላቸው አሮጌ መኪኖች ደግሞ፥ የደጋው አየር ስስ ስለ ሆነ፥ ካርቡራተሩ ለከፍታው ካልተስተካከለ ቤንዚኑ ይብሱን ይበዛል። ከዚህም በቀር 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 1 ሊትር ያህል ውሃ ይወጣዋል። ሞተሩ ሲሞቅ ይህ ውሃ በእንፋሎት ይሄዳል፤ ሳይሞቅ ከጠፋ ግን ከፊሉ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፥ ከፊሉም በማርሚታው ውስጥ ቀርቶ ያዝገዋል። የናፍጣ ሞተርም ከውሃው ጣጣ አያመልጥም። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቶ እንደ እርጎ ያለ ነገር ያገኘ ሰው፥ የራዲያተሩ ውሃ የማይጎድል ከሆነ፥ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ዘይቱ ከራዲያተሩ ውሃ ዘግይቶ ስለሚሞቅም የሙቀቱን መርፌ ብቻ አይቶ መተማመን አይገባም።

አንዳንድ መካኒኮች ሞተር እንዳይግል ብለው ቴርሞስታቱን አውጥተው ይጥላሉ። ይህ በደጋ አገር ሞተሩን ቀኑን ሙሉ ብርድ ላይ ማዋል ነው!

ነገሩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ያሳስባል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ተወዷል። ስለዚህ አሮጌ መኪና የሚገዛ ነጋዴ፥ ሻጩ «ከከተማ ወጥታ አታውቅም» እያለ ቢያመሰግናት፥ ቆጣሪው ጥቂት ኪሎ ሜትር በማሳየቱ ብቻ ዋጋ መጨመር የለበትም።

የፋብሪካዎቹ መመሪያ መጻሕፍት ተደጋጋሚ አጭር ጉዞን ከከባድ አገልግሎት ይመድቡታል፤ ዘይቱም ከተለመደው ቀደም ብሎ እንዲቀየር ያዝዛሉ። እንግዲህ ለከተማ መኪና ዘይት የሚቀየረው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በወር ተቈጥሮ ነው። ጧት ሞተሩን አስነሥቶ በቆመበት ከማሞቅ ይልቅ ቀስ ብሎ መንዳት ይሻላል። የባንኩና የመጋዘኑ ጉዳይ በአንድ መውጫ ቢጠቃለል፥ በሳምንትም አንድ ጊዜ በደጀን ወይም በደምበጫ መንገድ ግማሽ ሰዓት ያህል ብትነዳ ዘይቱ ውሃውን ይተፋል፤ ባትሪውም የጎደለውን ይሞላል። ለ5 ደቂቃ መንገድ ተላላኪ ልጅ ይበቃል።