ባሕሩ የተዘጋባት ከተማ፦ የይቶ ባራዳ የጥበብ ጉዞ

ሰማዩ በጠራ ቀን ከሞሮኮዋ ከተማ ከታንጀር ኮረብታ ላይ ሆኖ ወደ ሰሜን ለሚያይ ሰው የስፔን ተራሮች ወለል ብለው ይታያሉ። የጅብራልታር ሰርጥ በጠባቡ በኩል 14 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ከማዶ ጠዋት መጥቶ፣ ገበያውን ዞሮ፣ ሻይ ጠጥቶ ማምሻውን የሚመለስ አውሮፓዊ ጎብኚ ፓስፖርቱን ከማሳየት በቀር የሚጠየቀው ነገር የለም። የታንጀር ልጅ ግን ከ1991 ወዲህ ያለ ቪዛ መሻገር አይችልም። ስፔን የአውሮፓ የጋራ ድንበር የሆነውን የሸንገንን ስምምነት ስትቀላቀል ለሞሮኮ ዜጎች በሯን ዘጋች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ለአንዱ ክፍት፣ ለሌላው ዝግ የሆነ ባሕር የዕድሜ ልክ ሥራዋ ያደረገች አርቲስት አለች፤ ይቶ ባራዳ ትባላለች። ፎቶግራፍ ታነሣለች፣ ፊልም ትሠራለች፣ ቅርጻ ቅርጽ ታቆማለች፣ ጨርቅ ትነክራለች፣ መጽሐፍ ታዘጋጃለች። ሥራዎቿ ከለንደን እስከ ኒው ዮርክ ባሉ ታላላቅ ሙዚየሞች ታይተዋል። ለ2026ቱ የቬኒስ ቢኤናሌ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይም ፈረንሳይን እንድትወክል ተመርጣለች። የተጓዘችበት ርቀት እንዲህ ሰፊ ይሁን እንጂ ሥራዋ ዞሮ ዞሮ የሚገባው ታንጀር ነው።

ሥራዋን ከመነሻው እስከ ዛሬ በተርታ ላየ ሰው አንድ ቁም ነገር ጎልቶ ይወጣል። ድንበር ከሽቦ አጥሩ በፊት በከተማው ውስጥ ይጀምራል። መሬቱ ለማን እንደሚሰጥ፣ የትኛው ዛፍ እንደሚቆረጥ፣ የባሕሩን ዳርቻ ማን አጥሮ እንደሚይዘው በሚወሰንበት ጠረጴዛ ላይ ይሰመራል። ሰው ከሀገሩ የሚነሣው ማዶው ስላማረው ብቻ አይደለም፤ እግሩ የቆመበት መሬት ከሥሩ ሲሸሽበትም ነው። የስደትና የተፈጥሮ ጥያቄ በባራዳ ሥራ ውስጥ የማይነጣጠሉትም ለዚህ ነው።

ልቡ የሸፈተ ከተማ

ባራዳ በ1971 ፓሪስ ውስጥ ተወልዳ ታንጀር አደገች። በፓሪስ ሶርቦን ታሪክና የፖለቲካ ሳይንስ ተማረች። ካሜራ የያዘችው ለጥናት ብላ ነው፤ ፍልስጤማውያን በዌስት ባንክ የፍተሻ ኬላዎችን እንዴት ተደራድረው እንደሚያልፉ ስታጠና ያየችውን በፎቶ መመዝገብ ጀመረች። ከዚያ በኒው ዮርክ ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ማዕከል ሙያውን ተማረች። ኬላ ፊት የቆመን ሰው ትዕግሥትና ብልሃት የማስተዋል ልምዷ ከዚያ የመጣ ነው።

ስሟን ያስጠራው ሥራ ከ1998 እስከ 2004 ታንጀር ላይ ያነሣቻቸው ፎቶግራፎች ስብስብ ነው። በ2005 በመጽሐፍ ወጣ፤ በዓመቱም ለዶይቸ ቦርዘ የፎቶግራፍ ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አንዷ አደረጋት። ያ ዘመን የአውሮፓ ጋዜጦች የጅብራልታርን ስደት በአንድ ዓይነት ምስል የሚያሳዩበት ነበር፤ ከአፍ እስከ ገደፉ ሰው የጫነች ጀልባ ወይም ባሕሩ የተፋው አስከሬን። የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ምስል የመጣው በኅዳር 1988 በስፔኗ ታሪፋ ዳርቻ የሰጠሙ ስደተኞች ሲገኙ ነው። ባራዳ ጀልባዋን ትታ ጀልባዋን የሚጠብቀውን ከተማ አነሣች።

በ2000 ያነሣችው አንድ ፎቶ ይህን አካሄዷን በደንብ ያሳያል። ከላይ ወደ ታች የታየ ሰፊ አስፋልት ነው። አንድ ልጅ ከቁመቱ ጋር የሚፎካከር የመጫወቻ ጀልባ ታቅፎ መንገዱን ይሻገራል። ጀልባዋ ፊቱን ጋርዳዋለች፤ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ባሕር በፎቶው ውስጥ የለም። አስፋልቱ ብቻ ይበቃል፤ ተመልካቹ ልጁ ነገ ምን ሊሻገር እንደሚያስብ ሳይነገረው ይገባዋል። በሌላ ፎቶ ላይ ቀይ የለበሰች ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ወደ ሸክላ ንጣፍ ግድግዳ ዞራ ትጫወታለች። በሌላው ደግሞ ሐይቅና ተራራ የተሣለበት የግድግዳ ወረቀት ከመጋጠሚያው ተልጦ ይታያል። በ2002 ያነሣችው ፎቶ ሞሮኮንና ስፔንን በባሕር ሥር ለማገናኘት ለታሰበው ዋሻ የተከፈተና የተተወ የጥናት ቦታን ያሳያል። ሁለቱን ሀገሮች የማገናኘት ዕቅድ በ1979 በስምምነት የተጀመረ ቢሆንም እስካሁን ከወረቀት አልዘለለም።

ከእነዚህ ምስሎች አንዱም ስለ ስደት በቀጥታ አይናገርም። ሁሉም የሚያሳዩት ልቡ የሸፈተን ሰው ነው። አካሉ እዚህ ተቀምጦ ሐሳቡ ማዶ የከረመ ወጣት በምን ዓይነት ዝምታ እንደሚኖር፣ ከመካከላችን እንዲህ ያለ ወንድም ወይም ጎረቤት ያለው ሁሉ ያውቀዋል። በ2006 በታንጀር መናፈሻዎች ያነሣቻቸው የተኙ ወንዶችም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ፊታቸውን በልብሳቸው ሸፍነው በቀትር ሣር ላይ ተጋድመዋል፤ ደክሟቸው ይሁን ሌሊቱን ሲጠብቁ አይታወቅም።

በገላ ላይ የተጫነ ሸቀጥ

ድንበሩ ሰውን ቢያግድም ሸቀጥን አላገደም። ከታንጀር በስተምሥራቅ፣ በሞሮኮ ባሕር ዳርቻ ያለችውን ሴውታን የምታስተዳድረው ስፔን ናት። በአቅራቢያዋ ያሉ የቴቱዋን አካባቢ ነዋሪዎች ለረጅም ጊዜ ያለ ቪዛ ለቀን ሥራ እንዲገቡ ይፈቀድላቸው ነበር። ሰው በገላው ተሸክሞ የሚያወጣው ዕቃ እንደ ግል ጓዝ ይቆጠር ስለነበር ቀረጥ አይከፈልበትም ነበር። ከዚህ የተነሣ አንድ ትልቅ ንግድ በድሃ ሴቶች ጀርባ ላይ ተገነባ።

ባራዳ በ2006 የሠራችው አጭር ቪዲዮ ከእነዚህ ሴቶች አንዷን ያሳያል። ድምፅ የለውም። በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት በጥቁር መጋረጃ ፊት ቆመው ጨርቅ ከሴውታ እንዴት እንደሚያወጡ አንድ በአንድ ያሳያሉ። መጀመሪያ አንዱን ጨርቅ ወገባቸው ላይ ይጠመጥማሉ፣ በገመድ ያስሩታል፣ ሌላ ይደርባሉ፣ ደግሞ ይደርባሉ። በመጨረሻ ጀላባ የሚባለውን ረጅም ቀሚሳቸውን ከላይ ያጠልቁና ወፈር ያሉ ተራ አሮጊት ይሆናሉ። ከዚያ ሁሉንም መልሰው ይፈታሉ። አያለቅሱም፣ ታሪካቸውን አይተርኩም፤ ሙያቸውን ብቻ ያሳያሉ። ተመልካቹ ሊያዝንላቸው መጥቶ አክብሯቸው ይሄዳል። ስለ ድንበር ነዋሪዎች ከተሠሩ ሥራዎች መካከል ይህን ያህል ክብር ለሰው የሰጠ ጥቂት ነው።

ከዚያ የሆነውን ዜናው ዘግቦታል። የሸክም ንግዱ እያደር ከበደ፤ በጥር 2018 ሁለት ሴቶች በሴውታ መተላለፊያ በግፊያ ሞቱ። በ2019 ሞሮኮ ንግዱን አስቆመች፤ በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ድንበሩ ጭራሽ ተዘጋ። በግንቦት 2021 ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ 8 ሺህ ገደማ ሰው በዋናና በእግር ሴውታ ገባ። ከእነርሱ መካከል ብዙ ልጆች ነበሩ።

አይሪስና ዘንባባ

በ1999 ንጉሥ ሞሐመድ 6ኛ ዙፋን ሲይዙ ለዓመታት ተረስታ የነበረችው ታንጀር የግንባታ ከተማ ሆነች። በ2007 ታንጀር ሜድ የተባለው ግዙፍ ወደብ ሥራ ጀመረ፤ የ2012ቱን ዓለም አቀፍ ኤክስፖ ለማዘጋጀት የተወዳደረችውም ያኔ ነው። ኮረብታዎቹ ተደለደሉ፣ በባሕሩ ዳር ሆቴልና ቪላ ተሰለፈ። በዚህ ጊዜ ባራዳ ካሜራዋን ከሰው ወደ ተክል አዞረች።

አይሪስ ቲንጂታና የሰሜን ሞሮኮ የዱር አበባ ናት፤ ሰማያዊ ሆና በክረምት መጨረሻ በየሜዳው ትፈካለች። ስሟን ያገኘችው ከታንጀር ጥንታዊ ስም ከቲንጊስ ነው። ባራዳ በ2007 በአበባዋ ስም በሰየመችው ሥራዋ የሚታየው ይህች የሀገር አበባ ከምትበቅልባቸው ባዶ ቦታዎች እየተነቀለች፣ በምትኩ በየአደባባዩ የሚተከሉ የጌጥ አበቦችና ዘንባባዎች እንዴት እንደሚበዙ ነው። ዘንባባው ለቱሪስት ዓይን የሚተከል ነው። አይሪሷ ግን ማንም ሳይተክላት የምትበቅል ስለሆነች በፕላኑ ላይ ቦታ የላትም። በገዛ ከተማው ቦታ ያጣውን ወጣት ከዚህች አበባ ለይቶ ማየት ያስቸግራል፤ ሁለቱንም ያፈናቀላቸው አንድ ዓይነት ውሳኔ ነውና።

ሦስት ደቂቃ ገደማ የሚወስደው የ2009 ፊልሟ ይህንኑ ከቅርብ ያሳያል። በከተማው ውስጥ ባለ አንድ ባዶ ቦታ ላይ አንድ ዘንባባ ቆሟል። ዛፉ እስከቆመ ድረስ ግንባታ ስለማይፈቀድ ግንዱ ከሥሩ ተቦርቡሮ በራሱ ጊዜ እንዲወድቅ ተትቷል። ባራዳ ከጥቂት ሠራተኞች ጋር ትመጣለች። ድንጋይ ይሰበስባሉ፣ ሲሚንቶ ያቦካሉ፣ ቁስሉን ይሞሉታል። ዛፉ ይዳን አይዳን ፊልሙ አይነግረንም። የሚያሳየን የማንም ትእዛዝ ሳይጠብቁ የሚጠግኑ እጆችን ነው።

ሌላው ሥራዋ፣ ለአገረ ገዢዎችና ለአትክልተኞች የተዘጋጀ የዛፍ መመሪያ በሚል ርእስ በፊልምና በመጽሐፍ የወጣው፣ ትልቅ ሰው ሊመጣ ነው ሲባል ከተማ በጥድፊያ የሚያጌጥበትን ልማድ ይመለከታል። እንግዳው የሚያልፍበት አስፋልት ዳር ብቻ አጥሩ በኖራ ሲቀባ ያየ ሰው ነገሩን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

የሚንቀሳቀሱ አህጉሮች

በ2010 ባራዳ አህጉሮቹ የሚንሸራተቱበት የእንጨት የዓለም ካርታ ሠራች። ካርታው የተመሠረተው በእውነተኛ ሳይንስ ላይ ነው። አፍሪካና አውሮፓ የተቀመጡባቸው የምድር ቅርፊቶች በየዓመቱ ጥቂት ሚሊሜትር እየተቀራረቡ ናቸው። ከስድስት ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሰርጡ ተዘግቶ የሜዲትራኒያን ባሕር አብዛኛው ውኃው ደርቆ ነበር፤ ከ5.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የአትላንቲክ ውኃ ጥሶ ገብቶ ዳግም ሞላው። ከዚህ ዘመን ጋር ሲነጻጸር ሸንገን የትናንት ነገር ነው። የምድር ሥር እንቅስቃሴ ግን ሰውን አይምርም፤ በየካቲት 1960 አጋዲርን ያወደመውና ከ12 ሺህ በላይ ሰው የገደለው ርዕደ መሬት በ2018 ለንደን በሚገኘው የባርቢካን የጥበብ ማዕከል ላሳየችው ሥራ መነሻ ሆኗታል።

መታወቂያዋን የምታውቅ አርቲስት

በባራዳ ላይ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው። ፓሪስ የተወለደች፣ የፈረንሳይ ፓስፖርት ያላት ሴት ናት፤ ሰርጡን በፈለገች ቀን ትሻገራለች። ፎቶዎቿም በርሊንና ኒው ዮርክ ሲሰቀሉ የተነሡት ልጆች ሄደው ሊያዩአቸው አይችሉም። የሌላው መከራ ለማዶ ሰው ጌጥ እንዳይሆን ምን ዋስትና አለ?

መልሷ በታንጀር ይገኛል። በ2006 ከጓደኞቿ ጋር በግራንድ ሶኮ አደባባይ በ1938 የተሠራውን አሮጌ ሲኒማ ቤት፣ ሪፍን፣ አድሰው የታንጀር ሲኒማቴክን መሠረቱ። ለአካባቢው ሰው ፊልም የሚያሳይ፣ የሰሜን አፍሪካንና የዓረብ ፊልሞችን የሚሰበስብ ቤት ነው፤ እስከ ዛሬም በሩ ክፍት ነው። በኋላም በባሕሩ ፊት ለፊት በሚገኝ ግቢ ማቅለሚያ የሚሰጡ ዕፀዋት የሚበቅሉበት አትክልት ስፍራ አቋቋመች፤ አርቲስቶችና ባለሙያዎች እዚያ እየተሰበሰቡ ከሥርና ከቅጠል ቀለም ማውጣት ይማራሉ።

ከዚያ የወጣው ቀለም ወደ ሥራዋ ተመልሷል። አሜሪካዊው ሠዓሊ ፍራንክ ስቴላ በ1960ዎቹ በሞሮኮ ከተሞች ስም የሰየማቸውን ሥዕሎች በሚያንጸባርቅ የፋብሪካ ቀለም ሠርቷል። ባራዳ የእነዚያኑ ቅርጽ በዕፀዋት በተነከረ ጨርቅ ደግማ ሰፋችው። ሀገሩን ጎብኝቶ ስሙን ለወሰደው ሰው ከዚያው ሀገር በበቀለ ቀለም መልስ መስጠቷ ነው።

ሥራዋን የምንለካው በምን ነው?

የባራዳ ሥራ አጥሩን አላፈረሰም። በየካቲት 2014 ሴውታ አጠገብ ቢያንስ 14 ሰዎች ሰጠሙ፤ በሰኔ 2022 እንደ ሴውታ ስፔን በምታስተዳድራት በሜሊያ አጥር ሥር ቢያንስ 23 ሰዎች ሞቱ። ጥበብ ይህን ማስቆም አልቻለችም፤ የምትችል አስመስሎ መናገርም ለሟቾቹ ክብር አይሆንም። ማስቆም ያለበት ሥልጣን የያዘው ነው።

ይሁን እንጂ ለእኛ አንባቢዎች ይህ የሩቅ ሀገር ወሬ አይደለም። የእኛ ልጆች ከጅቡቲዋ ኦቦክ ተነሥተው የመን ለመድረስ የሚሻገሩት የባብ ኤል መንደብ ሰርጥም 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኛም ስለ እነርሱ የምናወራው ጀልባ ሲሰጥም ነው፤ የሟቾች ቁጥር ይነገራል፣ ሐዘን ይደርሳል፣ ሳምንት ሳይሞላ ይረሳል። ከመነሣታቸው በፊት የነበረውን፣ ያረጀውን ማሳ፣ የደረቀውን ምንጭ፣ ለሌላ የተሰጠውን የግጦሽ መሬት፣ ከሥራ ፈትነት የተነሣ በየጥጉ የተቀመጠውን ጎረምሳ እንዲህ በትዕግሥት ለዓመታት የመዘገበ ሥራ ያስፈልገናል። ባራዳ ያሳየችው ይህ ሊሠራ የሚችል መሆኑን ነው። አንድን ከተማ ሳይሰለቹ ማጥናት፣ የሰውን ክብር ሳይነኩ መከራውን ማሳየት፣ ካሳዩ በኋላም እዚያው ሲኒማ ቤት ማደስና ዛፍ መጠገን። ስለ ስደት የሚሠራ አርቲስት ሁሉ፣ የእኛውም ጭምር፣ በዚህ ሊለካ ይገባዋል፤ ታሪኩን ለወሰደበት መንደር መልሶ ምን ተወለት?