እንጨት ሲያሳክክ፦ የሙዚቃ መሣሪያ እንጨቶችና አለርጂ

 

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ወንድም ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጥቶ «እህቴ፣ ያንኑ ክሬም ስጪኝ» አለኝ። ለሦስተኛ ጊዜ መምጣቱ ነበር። የዓይኑ ቆብ አብጧል፤ አንገቱና የእጁ አንጓ ቀልቶ ችፌ መስሏል። ሥራውን ብጠይቀው አናጺ ነው፤ ዑድና ጊታር ይጠግናል። «ወንድሜ፣ ሥራ ስታቆም ይሻልሃል?» ስለው ጥቂት አሰበና «ለኢድ ሳምንት ያህል ቤት ስቀመጥ ይጠፋል፤ ስመለስ ይነሳብኛል» አለ። በዚህ ወር አምዳችን የምንመለከተው ይህንኑ ጉዳይ ነው።

አለርጂው እንዴት ይፈጠራል?

ብዙ ጠንካራ ዛፎች ምስጥና ሻጋታ እንዳይበላቸው በውስጠኛው ጠቆር ያለ ክፍላቸው ኬሚካሎችን ያከማቻሉ። ሮዝዉድ በሚባሉት የዳልበርጂያ ዝርያዎች ውስጥ የሚገኘው ዳልበርጂዮን ይባላል። ይህ ኬሚካል ወደ ቆዳ ሲገባ ከቆዳችን ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። የሰውነታችን መከላከያም እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያስታውሰዋል። ይህ የማስታወስ ሂደት አሥር ቀን ያህል ሊወስድ ይችላል፤ አንዳንዱ ሰው ግን ከእንጨቱ ጋር ዓመታት ከቆየ በኋላ ነው የሚጀምረው። ከዚያ ወዲያ ትንሽ ንክኪ ይበቃል። ሽፍታው የሚወጣው ግን ወዲያው ሳይሆን ከ1 እስከ 3 ቀን ቆይቶ ነው። ስለዚህ በሽተኛው ትናንት የበላውን ወይም የታጠበበትን ሳሙና ይጠረጥራል እንጂ እንጨቱን አያስብም።

የትኞቹ እንጨቶች?

የብራዚል ሮዝዉድ፣ የመካከለኛው አሜሪካ ኮኮቦሎና በተለምዶ ዞጲ የሚባለው የአፍሪካ ጥቁር እንጨት ዋነኞቹ ናቸው። ይህ የአፍሪካ ጥቁር እንጨት በአገራችን ደረቅ ቆላማ አካባቢዎችም ይበቅላል፤ ታንዛኒያና ሞዛምቢክ ደግሞ ለክላርኔትና ለኦቦ ሥራ ወደ ውጭ ይልኩታል። የብራዚሉ ሮዝዉድ ዓለም አቀፍ ንግድ እ.ኤ.አ. በ1992 ከታገደ ወዲህ በምትክነት ከሚያገለግሉት አንዱ ፓው ፌሮ ነው። ይሁን እንጂ እርሱም አለርጂ በማስነሳት ይታወቃል።

ሙዚቃ የማይነካ ሰውም ቢሆን ከዚህ ነፃ ነው ማለት አይደለም። ከእነዚሁ እንጨቶች የእጅ አምባር፣ የቢላዋ እጀታና ሙስበሃ ይሠራል።

ምልክቶቹ የት ይታያሉ?

በቫዮሊን ተጫዋች ላይ በግራ መንጋጋ ሥር፣ በዋሽንትና በመሳሰሉት የትንፋሽ መሣሪያዎች ተጫዋች ላይ በከንፈር ዙሪያ፣ በጊታር ተጫዋች ላይ መሣሪያው በሚያርፍበት ክንድ ላይ ይታያል። ቫርኒሽ እንጨቱን ይሸፍናል፤ ሲፋቅና ላብ ሲነካው ግን መከላከሉ ይቀንሳል። በአናጺ ላይ ሰጋቱራው ብናኝ ሆኖ ስለሚያርፍ የዓይን ቆብ፣ ፊት፣ አንገትና እጅ ይጎዳሉ።

ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። የቫዮሊን ተጫዋች አንገት በመፈግፈግ ብቻም ሊቆስል ይችላል። በአገጭ ማሳረፊያው ላይ ያለው የኒኬል ብረት ወይም የጅማቱ መምቻ የሚቀባው ሙጫም አለርጂ ያመጣል። ይህን የሚለየው የቆዳ ሐኪም ነው። የሚጠረጠሩት ነገሮች በልኩ ተዘጋጅተው በጀርባ ላይ ለ48 ሰዓት ይለጠፋሉ፤ ከዚያም ውጤቱ በዚያው ቀንና ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ይታያል። ሰጋቱራ በራሳችሁ ቆዳ ላይ አስራችሁ አትሞክሩ፤ ያልነበረ አለርጂ ሊፈጥር ይችላል።

ሳንባንም ይነካል

ለጊታር ፊት የሚመረጠው የሰሜን አሜሪካ ቀይ ሴዳር ፕሊካቲክ አሲድ የተባለ ኬሚካል አለው። ብናኙን የሚተነፍስ ሠራተኛ አስም ሊይዘው ይችላል። ብዙ ጊዜ ሳሉና የደረት ማፈኑ የሚመጣው ከሥራ በኋላ ማታ በመሆኑ «ብርድ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሳይታወቅ ብዙ የቆየ ሰው ሥራውን ቢተውም አስሙ ላይለቀው ይችላል። ከዚህም ሌላ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል።

ምን ይደረግ?

• ዋናው መድኃኒት ከእንጨቱ መራቅ ነው። ለተጫዋች የፕላስቲክ የአገጭ ማሳረፊያ ወይም የፕላስቲክ ክላርኔት አለ።
• አናጺ ብናኙን በነፋስ ከማራገብ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረግ። ለአቧራ የተሠራ ጭንብልና መነጽር ያድርግ፤ ሻሽ ወይም መሀረብ ደቃቁን ብናኝ አያስቀርም።
• የሥራ ልብስ ቤት ሳይገባ ይቀየር፤ ለብቻውም ይታጠብ።
• ቀላል ሽፍታ በሃይድሮኮርቲዞን ክሬም ለጥቂት ቀን ሊታከም ይችላል። እንደ ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል ያሉትን ብርቱ ክሬሞች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፊት ላይ መቀባት ግን ቆዳን ያሳሳል፤ በዓይን አካባቢም ዓይንን ይጎዳል።
• ትንፋሽ ካጠረ ወይም ፊትና ከንፈር በድንገት ካበጠ ጊዜ ሳታጠፉ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

ያ ወንድም የጠየቀኝን ክሬም አልሸጥኩለትም፤ ወደ ቆዳ ሐኪም ላክሁት። ልጆቹን የሚያሳድግበት ሙያ ስለሆነ «ተወው» ማለት ቀላል አይደለም። የትኛው እንጨት እንደሚጎዳው ካወቀ ግን ያንን ትቶ በሌላው መሥራት ይችላል። እናንተም ለሽፍታችሁ ክሬም ከመለዋወጣችሁ በፊት «እጄ ምን ነካ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አላህ ጤናውን ይስጠን። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ወሰላም።